ቃሌ በትክክል ሰፍሯል

ሐይቅ፣ ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሽ ሙላት፤

እንዴት ሰነበቱ? የግሸን ሥር ብርድ እንዴት ይዞዎታል? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እትዬ ለተብርሃን ሰላም ብለውዎታል፤ የላኩላቸው ማርም ደርሷቸዋል። ስለ ጤናቸው ሌላ ጊዜ እጽፋለሁ።

ይህን ደብዳቤ ይዞ የሚወጣው ሀሚዱ ነው። ሚኒባሱ የሚሠራው እስከ ውጫሌ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ወደ እናንተ የሚመለስ ገበያተኛ አላጣም ብሎኛል። በስልክ እንዳላወራ እርስዎ ከልክለውኛል፤ ኢንተርኔቱም ሲከፈት የሚከፈተው ለሚያዳምጡን ነው።

ለጠየቁኝ መልሱ አዎ ነው። ድምፅ ተሰጠ፤ አሸነፍን።

በገበሬ ማሠልጠኛው አዳራሽ ሃያ አራታችንም ተገኘን። ኡበይድ፣ ያው የእርስዎ ተማሪ፣ የእኔ የክፍል ጓደኛ፣ ዛሬ የሕዋሳችን ሰብሳቢ፣ ከላይ የተሰጠውን ወረቀት ከኪሱ አወጣና በድርጅቱ ጉባኤ የሚወክለን ሰዑድ መሆኑን አነበበ። «ጥያቄ ከሌለ እናጽድቅ» አለ። እኔ ጥያቄ አለኝ አልኩ። ደንቡ ወኪላቸውን አባላት ይመርጣሉ ይላል እንጂ ያጸድቃሉ አይልም።

«አንቺ ሕግ ተማርሽ ብለን እኛ እንታሰር?» አለ ኡበይድ። ሰው ሳቀ። ሳቁ ሲያልቅ ግን አባባ ኑርዬ ተነሡ።

እኚያ ሰው ስብሰባ ላይ ሲያንቀላፉ እንጂ ሲናገሩ አይቼ አላውቅም። «የሐይቁ ዳር መሬት ለሎጅ ተሰጥቷል ይባላል፤ ችካል ሽንኩርቴ መሀል ተተክሏል። እዚያ ጉባኤ የሚሄደው ሰው ይህን ይጠይቅልኛል ወይስ ምሳውን በልቶ ይመለሳል?» አሉ። ከዚያ በኋላ ማን ያቁም። አሥራ ሰባት ሰው ተናገረ። እነዚሁ አሥራ ሰባቱ አሪፋን መረጡ፤ ከአባባ ኑርዬ ማሳ አጠገብ ቲማቲም የምታመርተውን፣ የሦስቱን ልጆች እናት። ሰዑድ አምስት ድምፅ አገኘ፤ ሁለት ሰው ድምፁን አልሰጠም።

ሲዛወሩ ያስረከቡኝን የቃለ ጉባኤ መዝገብ እርስዎ እንደሚጽፉት አልጻፍኩትም፤ ይቅር ይበሉኝ። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ በእርስዎ እጅ የተጻፈው «አባላቱ በስፋት ተወያይተው በሙሉ ድምፅ ተስማምተዋል» የሚል ብቻ ነው። በአሥራ አራት ዓመት አንድ ሰው እንኳ ሳይቃወም። ለምን እንደሆነ አንድ ቀን ይጽፉልኛል። እኔ ማን ምን እንዳለ በየስሙ ጻፍኩ። ደንቡ ውስጥ ማንም የማያነባት አንዲት አንቀጽ አለች፤ ማንኛውም አባል የተናገረው በትክክል መጻፉን አንብቦ ወይም ተነቦለት ያረጋግጣል ትላለች። ለእያንዳንዳቸው አነበብኩላቸው፤ ከንግግራቸው ሥር «ቃሌ በትክክል ሰፍሯል» ከሚለው አጠገብ ፈረሙ። አባባ ኑርዬ የአውራ ጣታቸውን አሻራ አኖሩ፤ ቀለሙን በሽርጣቸው እየጠረጉ «እንግዲህ ኒካሑ ታሰረ» አሉ።

ከሦስት ዓመት በፊት ዲግሪዬን ይዤ ተናድጄ ስመለስ፣ «ከውጭ ድንጋይ ከመወርወር ግቢና ከውስጥ ግፊው» ያሉኝ እርስዎ ነዎት። ባለፈው ግምገማ ስለዚሁ መሬት አንድ ጥያቄ ቢጠይቁ ከታመሙት ባለቤትዎ ከእትዬ ለተብርሃን ለይተው እዚያ ጣሉዎት። እነሆ፣ ጥያቄዎን አሥራ ሰባት ሰው ጠየቀው። ደስ እንዲልዎት ብዬ ነው የጻፍኩት።

ልጅዎ ነጅዋ

---

ግሸን ሥር፣ ኅዳር 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለነጅዋ፤

ጤና ይስጥልኝ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ብርዱን ለምጄዋለሁ፤ ያልለመድሁት ማታ የሚያናግረኝ ሰው ማጣትን ነው። ሁለት ክፍል አስተምራለሁ፤ አንዱ ክፍል መስኮት አለው።

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብሁት። መጀመሪያ ደስ አለኝ፤ በሁለተኛው ኮራሁ፤ በሦስተኛው ፈራሁ።

ጠይቀሽኛልና ልንገርሽ። ያ «በሙሉ ድምፅ» የሚለው ከፍርሃት ብቻ የመጣ አልነበረም። ሰው ሲናገር እሰማለሁ፤ መናገሩም ደስ ይለኛል። ብዕሬን ሳነሣ ግን የተናገረው ሰው ልጆች ይታዩኛል። ስም የሌለበት ቃል ማንንም አያስጠይቅም እያልሁ አሥራ አራት ዓመት ሰው ደበቅሁ። ቃላቸውንም አብሬ እንደደበቅሁባቸው ያየሁት ያንቺን ደብዳቤ ሳነብ ነው።

የሠራሽው ትክክል ነው። ትክክል ስለሆነ ግን አይተውሽም። መዝገቡን ይጠይቁሻል። ከጠበበሽ ለእኔ ላኪው። እዚህ ከተማሪዎች የፈተና ወረቀት ሥር አኖረዋለሁ፤ የገጠር ተማሪ የፈተና ወረቀት የሚያገላብጥ ካድሬ እስካሁን አልተፈጠረም።

ስለ ለተብርሃን «ሌላ ጊዜ» ያልሽው ምንድን ነው? እሷን ብጠይቃት ደህና ነኝ ነው መልሷ፤ ሠላሳ ዓመት ደህና ነኝ ስትለኝ ኖራለች። አንቺ እውነቱን ጻፊልኝ። የሰው ቃል አታጎድይም።

ሙላት

---

ሐይቅ፣ ታኅሣሥ 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሽ ሙላት፤

እንደምን ከረሙ? ስለዘገየሁ ይቅርታ። መንገዱ ዘጠኝ ቀን ተዘግቶ ነበር፤ ሀሚዱም ሚኒባሱን ግቢው ውስጥ አቁሞ ሲያጥብ ነው የከረመው።

ፍርሃትዎ ልክ ነበር። ኡበይድ ቤቴ ድረስ መጣ፤ የተዘጋጀ ቃለ ጉባኤ በኮምፒውተር አስጽፎ ይዟል። ቀኑ ያው ነው፣ አዳራሹ ያው ነው፣ ሃያ አራታችንም አለንበት፤ ሰዑድ ግን በሙሉ ድምፅ ተመርጧል።

«የሚያስፈልገን የእጅሽ ጽሑፍ ነው፤ አዲስ መዝገብ ላይ ገልብጪው። ሌላው ሁሉ አለ» አለኝ።

«አሮጌውስ?»

«ይጠፋል። መዝገብ ይጠፋል።»

«ከእኔ እጅ አይጠፋም።»

«እንግዲያው አንቺ ትጠፊያለሽ» አለና ወዲያው ደንግጦ «ከሥራሽ ማለቴ ነው» ብሎ አረመ። ዱሮም ሳይጨርስ የሚናገር ልጅ ነበር፤ ያውቁታል።

ይህ አላስፈራኝም። ያስፈራኝ በማግሥቱ የጀመረው ነው። ማን ምን እንደተናገረ ኡበይድ ከአዳራሹ ያስታውሳል፤ ትዝታ ግን ይካዳል፣ ፊርማ አይካድም። ይህንን እሱም ያውቃል፣ እነሱም ያውቃሉ። መጀመሪያ አባባ ኑርዬ መጡ። በር ላይ ቆመው የእናቴን ጉልበት ጠየቁ፣ ሰብሉን ስለመታው ዋግ አወሩ፣ ግቡ ብላቸው እምቢ አሉ።

«ልጄ፣ ያቺን አሻራዬን አንሺልኝ።»

«አባባ፣ አሻራ አይነሣም።»

«በላጲስ አይሆንም?»

«በቀለም እኮ ነው ያኖሩት።»

አውራ ጣታቸውን አገላብጠው አዩት። «ማዳበሪያም የምወስደው በዚሁ ነው። ዘንድሮ ስምህ ዝርዝሩ ላይ የለም አሉኝ። ሌላ ጣት ብሰጣቸው ያውቁብኛል» አሉ። ሳቁ፤ እኔም ሳቅኩ። «የተናገርኩት ሐሰት ነው አልልሽም፤ ወላሂ እውነት ነው። ብቻ አጥፊው» ብለው ሄዱ።

ከእሳቸው በኋላ ስድስት ሰው መጣ። አንድም ዋሸሁ ያለ የለም። ሁሉም ያልኩት እውነት ነው፣ አጥፊው ይሉኛል። እርስዎ ስማቸውን ባይጽፉ የሚሸሸጉበት ጓዳ ትተውላቸው ነበር። እኔ ገብቼ በሩን ቆለፍኩባቸው፤ ቁልፉንም በየስማቸው አስፈረምኳቸው። ሆኖም አልፍቅም። ከፋቅኩ እኔም የእርስዎን አሥራ አራት ዓመት እጀምራለሁ። ለእነሱ ግን መዝገቡ እዚህ እስካለ እንቅልፍ የላቸውም። ስለዚህ ልኬልዎታለሁ፤ በሰማያዊ ሻሼ ጠቅልዬ የሽንኩርት ከረጢት ውስጥ ከትቼዋለሁ። ሀሚዱ ሽንኩርት መሆኑን ብቻ ነው የሚያውቀው። ለጎደሉ ሽንኩርቶች ግን እኔን አይጠይቁ፤ ሀሚዱ ያውቃል።

ስለ እትዬ ለተብርሃን። እንዳልነግርዎ በማርያም አስምለውኝ ነበር። እስላም በማርያም ምላ ብታፈርስ ምን እንደሚባል አላውቅም፤ እውነቱን ስለጠየቁኝ አፍርሼዋለሁ። ሕመሙ ኩላሊት ደከመ ከሚባለው አልፏል። በሳምንት ሁለቴ ደሴ እየሄዱ ኩላሊታቸውን ይታጠባሉ። ባለፈው ዓርብ መናኸሪያው ላይ ወድቀው ሰው ነው ያነሣቸው። ከዚያ ወዲህ እኔ አብሬያቸው እሄዳለሁ። ሐኪሙ «ቤተሰብ የለዎትም?» ሲላቸው «አለኝ፣ ሥራ ላይ ነው» አሉት።

ቃል አታጎድይም ብለውኛል። አላጎደልኩም።

ነጅዋ

---

ሐይቅ፣ ጥር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሽ ሙላት፤

ሰላምታዬ ይድረስዎ። ጥያቄ የሞላበት ደብዳቤዎ ደርሶኛል። እንኳን ለጥምቀት በዓል በሰላም አደረሰዎ።

አዎ፣ ማክሰኞና ዓርብ ነው። አዎ፣ እበላለሁ ይላሉ፤ አይበሉም። አይ፣ እግራቸው ማበጡን አላቆመም። ለምን ቀደም ብዬ እንዳልጻፍኩልዎ የጠየቁኝን ግን መመለስ አልችልም፤ መሐላው ነው ብል ግማሽ እውነት ነው። እርስዎ እዚያ ሆነው ምንም ማድረግ እንደማይችሉ ስለማውቅ ነበር። ይቅርታ። ሥራ ይበዛባታል ብለው ስለ እኔ አይጨነቁ። ከመሬት ይዞታ መዝገብ ቤቱ ከታገድኩ ወር ሆነኝ፤ እሱንም አልጻፍኩልዎ ነበር።

አሪፋ ወኪልነቷን ትታለች። ቲማቲም ስታለቅም ማሳዋ ድረስ ሄድኩ። ቀና ሳትል «ባሌ ጅቡቲ ያለበትን ሰፈር ሳይቀር ቆጥረው ነገሩኝ» አለችኝ። «ታዲያ ማን ይጠይቅልን?» አልኳት። «አንቺ ባል የለሽ፣ ልጅ የለሽ፤ ለአንቺ መጠየቅ ይቀላል» አለች። ወዲያው ተጸጸተች፤ አንድ ባልዲ ቲማቲም ሰጠችኝ። ባልዲውን ይዤ መንገድ ላይ ቆሜ አለቀስኩ። እናቴ ስጎ ሠራችበት፤ ጥሩ ነበር።

ሰዑድ ጉባኤው ላይ ተገኝቶ ተመልሷል። ስለ ሐይቁ ዳር መሬት የጠየቀ የለም። ችካሉ አሁን ከሽንኩርቱ አልፎ ቲማቲሙ ውስጥ ገብቷል።

ዕቃው ይድረስዎ አይድረስዎ አልነገሩኝም። ከአሥራ ሰባቱ ሰዎች የቀረልን እሱ ብቻ ነው። እሱ እስካለ ድረስ ያ ቀን ሆኗል። እባክዎ አንድ መስመር ይጻፉልኝ።

ነጅዋ

---

ግሸን ሥር፣ ጥር 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ነጅዋ፤

ጤና ይስጥልኝ። ለአስተርዮ ማርያም ብዙ ሰው መጥቶ ነበር። መንገዱ እንዲህ ሆኖ እንኳ ሰው አልቀረም። ከአውቶቡስ ወርደው በእግር ሲወጡ ከትምህርት ቤቱ ደጅ ቆሜ አየኋቸው። ከመካከላቸው የታመመ ተሸክመው የሚወጡ ነበሩ። እኔም ወጥቼ ተሳለምሁ። ለተብርሃንን ጠራሁ፤ አንቺንም ጠራሁ። እስላም ናት ብዬ አልተውሁሽም።

ዕቃው ደርሶኛል። ሽንኩርቱም ብዙ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ለስብሰባ ጠርተውኝ ወርጄ ነበር። አጭር ስብሰባ ነበር። ሻይ ጋበዙኝ፤ ስለ ለተብርሃን ከእኔ ይልቅ የሚያውቁ ሆነው አገኘኋቸው፤ ማክሰኞና ዓርብ መሆኑን ሳይቀር። በአክብሮት ነው ያናገሩኝ።

ሌላ የምጽፈው ብዙ ነበር፤ ይዞት የሚወርደው ሰው ቆሞ ይጠብቀኛል። ሥነ ዜጋ ሳስተምራችሁ ጥያቄ ታበዢ ነበር፤ ኡበይድ ደግሞ መልስ ከአንቺ ይገለብጥ ነበር። እያየሁ ዝም ብዬዋለሁ። ያኔ ልቀጣው ይገባኝ ነበር።

እናትሽን ሰላም በይልኝ። ይቅርታ አድርጊልኝ።

ሙላት

---

ሐይቅ፣ የካቲት 7 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሽ ሙላት፤

እንዴት ሰነበቱ? እናቴ ሰላም ብላዎታለች።

በመጨረሻው ደብዳቤዎ ይቅርታ አድርጊልኝ ብለው ለምን እንደሆነ አልጻፉም። ለዘጠኝ ቀን ስለ ኡበይድ ኩረጃ ይሆናል እያልኩ ቆየሁ። ትናንት ገባኝ።

ትናንት ግምገማ ነበር፤ አጀንዳው አንድ፣ እሱም እኔ። ስገባ ጠረጴዛው ላይ ሰማያዊ ሻሼን አየሁት። ቋጠሮው አልተፈታም፤ እኔ እንዳሰርኩት ነው። እርስዎም አልከፈቱትም ማለት ነው። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ይህቺን ግን አጥብቄ ይዣታለሁ። ኡበይድ ቋጠሮውን መፍታት አቅቶት በጥርሱ ነከሰው።

ከዚያ የእርስዎን ግለ ሂስ አነበበ። የእጅ ጽሑፍዎ መሆኑን ከሩቅ ለየሁት፤ በእሱ ጽሑፍ ነው ፊደል የቆጠርኩት ማለት ይቻላል። እያንዳንዱ አባል መዝገቡ ፊቱ ላይ ተዘርግቶለት «ተገፋፍቼ ነው የተናገርኩት» እያለ አለፈ። አሪፋም አለች። አባባ ኑርዬ አሻራቸውን ሲያሳዩዋቸው «ዓይኔ አያይም» አሉ።

ኡበይድ ለዚህኛው ስብሰባ ጸሐፊ እንቀይር አለ። ውሳኔ እስኪጸድቅብኝ ድረስ ጸሐፊዋ እኔ ነኝ፣ ደንቡን ክፈት አልኩት። ከላይ የመጡት ሰውዬ ስልካቸውን እያዩ «ትጻፍ፣ ምን ታመጣለች» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ምንም አላመጣም። ግን ጻፍኩ። ከመባረሬ በፊት የነበረውን፣ በየስሙ፣ ቃል ሳላጎድል።

ድምፅ ሲሰጥ እጆቹን ቆጠርኩ። ሃያ ሦስት። አሪፋ ዘግይታ አወጣች። አባባ ኑርዬ አውራ ጣታቸውን መዳፋቸው ውስጥ ሸሽገው ጭብጣቸውን ነው ያነሡት። «እጅ አውጥተዋል» ብዬ ጻፍኩ፤ ጭብጥ መሆኑን የምጽፍበት ቦታ ደንቡ አልሰጠኝም።

«በሙሉ ድምፅ ብለሽ ጻፊ» አለ ኡበይድ።

«አንድ ተቃውሞ አለ።»

«የማን?»

«የእኔ።»

«አንቺ ተከሳሽ ነሽ እኮ።»

«እስክትጨርሱ ድረስ አባል ነኝ። አንድ ተቃውሞ።»

ጻፍኩት። በዚያ ሕዋስ በሙሉ ድምፅ ያልሆነ ውሳኔ ይህ ሁለተኛው ነው። የመጀመሪያው ያለበትን መዝገብ ይዘውት ሄደዋል። የትናንቱንም ወስደዋል፤ ግን ሥሩ ካርቦን አስገብቼ ነበር።

ዛሬ እትዬ ለተብርሃንን ደሴ ወስጄ መለስኩ። በመንገድ ላይ እጄን ይዘው ዝውውርዎ መፈቀዱን፣ ሰኞ እንደሚገቡ ነገሩኝ። «ማርያም ሰማችኝ» አሉ። ከታመሙ ወዲህ እንዲያ ሲስቁ አላየሁም። ማን እንደሰማቸው አልነገርኳቸውም፤ አልነግራቸውምም። እርስዎም አይንገሯቸው። በሽታቸውን የጻፍኩልዎ እኔ ነኝ። ቃል ባጎድል ኖሮ የተጎዳ አልነበረም እያልኩ አስቤያለሁ፤ ባጎድል ደግሞ እርስዎ አይመለሱላቸውም ነበር። እናቴ በእሳቸው ቦታ ብትሆን ኖሮ ያንን ቋጠሮ አሳልፌ እሰጥ ነበር ወይ ብዬ ራሴን ጠየቅኩ። መልሱን አላገኘሁትም፤ ስላላገኘሁትም ልፈርድብዎ አልቻልኩም። ይቅርም አላልኩዎትም።

ይግባኝ በሠላሳ ቀን ይቻላል ይላል ደንቡ። የሚያየው ያባረረኝ ክፍል ነው። እጽፈዋለሁ። አባባ ኑርዬ ዛሬ ጠዋት ሽንኩርታቸውን ሳይደርስ እየነቀሉ ነበር፤ ግሬደሩ ሊገባ ነው ብለዋቸዋል። አንድ እቅፍ ይዘው በራችን ላይ አስቀምጠው ሄዱ። አላንኳኩም።

ይህን በሀሚዱ እጅ የምልከው ሰኞ ከመገናኘታችን በፊት እንዲደርስዎ ነው። መንገድ ላይ ብንገናኝ ሰላም እልዎታለሁ፤ ስለዚህ ነገር ግን በቃል አላወራዎትም። ከዚህ ጋር ያያያዝኩት እርስዎን የሚመለከተው ገጽ ነው። እንደማንኛውም አባል መብትዎ ነውና ያንብቡት። የተሳሳትኩት ካለ ያርሙ፤ ከሥሩ ቦታ ትቼልዎታለሁ። ትክክል ከሆነ ይፈርሙና ይመልሱልኝ።

ነጅዋ

---

(በካርቦን የተቀዳ)

ተራ ቁጥር 3። አቶ ሙላት፤ በሌሉበት፣ በጽሑፍ የላኩት በሰብሳቢው የተነበበ፦

«የሕዋሱን መዝገብ በፈቃዴ አስረክቤያለሁ። አባል ነጅዋን ወደ ድርጅቱ ያመጣኋት እኔ ነኝ። ድርጅቱ ከውስጥ ይቀየራል ብዬ ያስተማርኋት ትምህርት ስህተት ነበር። ጥፋቱ የእሷ ሳይሆን የእኔ ነው፤ የተማረችውን ነው የሠራችው። ቅጣቱ እንዲቀልላት እለምናለሁ። ዝውውሬ እንዲታይልኝም እለምናለሁ።»

እርማት ካለ፦

 

 

ቃሌ በትክክል ሰፍሯል።

ፊርማ ........................